ግራፊክስ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ልብ በል

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ20 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው አያት አካባቢ ከቤተሰቦቼ ጋር ነው። ዘንድሮ በራሴ ገንዘብ ጌም የምጫወትበት ኮምፒውተር አሰባሰብኩ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው። ግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ነው፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ራሙ 8 ጊጋ ነበር። ለፋሲካ ሌላ 8 ጊጋ ጨመርኩበት፣ ብራንዱ ግን ይለያል። ፖወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ 700 ዋት ይላል። ኮምፒውተሩንም ሞኒተሩንም 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ነው የምሰካው።

ችግሩ፣ ጌም እየተጫወትኩ በድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ምንም ጽሑፍ አያሳይም። አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰኛል። ለሰዓታት ተጫውቼ ምንም የማይለኝ ቀንም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ እንጀራ ስትጋግር ግን መጫወት አይታሰብም። ሳሎን ያለው አምፖል ራሱ ፈዘዝ ይላል። ጥገና ቤት ወስጄው ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረጉት፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ‹ካርዱ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማውጣት) የሠራበት ነው፣ ቀይረው› አሉኝ። ለአዲስ ካርድ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ልተው?

ግራ የገባው፣ ከአያት»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ካርዱን አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። ላብህን ያፈሰስክበት ገንዘብ ነው፣ በግምት ሊወጣ አይገባም። ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከጻፍከው ውስጥ ካርዱን በቀጥታ የሚከስስ አንድም ነገር አላገኘሁም። ሌላ ቦታ የሚጠቁም ግን ሞልቷል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አንተ የጻፍክልኝ ስለ አንድ ችግር ነው። እኔ ሳነበው ሁለት ችግር ነው ያየሁት። ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፍቶ ሲነሳ አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ጌሙ ብቻ ሲዘጋ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጨዋታህን ስለሚያቋርጡብህ አንድ መስለውሃል። ጥገና ቤቱም አንድ አድርጎ ስላያቸው ነው ሁለቴ ፎርማት ያደረገው። መነሻቸው ግን በጣም ሊለያይ ይችላል። አንዱን ስትፈታ ሌላው ከቀረ ደግሞ «አልተስተካከለም» ብለህ ትክክለኛውን መፍትሔ ትጥለዋለህ። ብዙ ሰው ዕቃ እየቀያየረ ገንዘቡን የሚጨርሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

ልዩነቱን ላስረዳህ። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ከመጣ ዊንዶውሱ በሕይወት አለ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ አልተቋረጠም፣ ፖወር ሰፕላዩም ሥራውን እየሠራ ነው። ያኔ የሚጠረጠሩት ራም፣ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም)፣ የጌሙ ፋይል፣ ካርዱም ጭምር ናቸው። ማሽኑ በሙሉ ያለ ምንም ጽሑፍ ድርግም ካለ ግን ዊንዶውሱ «ችግር አለ» ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ያኔ ዓይንህ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ኤሌክትሪኩ ነው። ከግድግዳው ሶኬት ተነስተህ ማዘርቦርዱ ድረስ።

ይህን በዓይንህ የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብለህ ፈልግና ክፈተው። ከግራ በኩል «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ጫን። ኮምፒውተሩ በጠፋበት ሰዓት አካባቢ «ከርነል ፓወር» የሚል፣ ቁጥሩ 41 የሆነ ቀይ ምልክት ታገኛለህ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በቃ፣ ፖወር ሰፕላዩ ነው» ይላል። አይደለም፣ 41 ብቻውን ምክንያቱን አይነግርህም። የሚለው «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት ሳልዘጋ ነው የጠፋሁት» ብቻ ነው። ዋናው ያለው ከሥሩ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ «ባግቼክ ኮድ» የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ 0 ከሆነ ዊንዶውሱ ምንም ስህተት ሳይመዘግብ ነው የተቆረጠው። ሌላ ቁጥር ካለው ግን ሰማያዊው የስህተት ገጽ መጥቶ ነበር፣ አንተ ሳታየው አልፎ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ገጹ ጥቁር ሆኗል፣ እንዳያሳስትህ።

እግረ መንገድህን እንደገና የሚያስነሳውን አማራጭ አጥፋው። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» አለ። እዚያ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ከዚያ በኋላ ስህተቱ የዊንዶውስ ከሆነ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ምልክቱን አንስተህም ድርግም ብሎ የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ከዊንዶውስ በታች ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ችግር ፎርማት አይነካውም። እንዲያውም በየጊዜው በድንገት መጥፋቱ ራሱ ፋይል ያበላሻል። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ ሳይሰነብት የሚታመመውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው እንምጣ። ደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቆም አድርጎ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ስናሰላው ወደ 16 አምፔር ነው። ከቤታችሁ ዕቃ ሁሉ እጅግ ከባዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ያህል ጭነት ሲገባ ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ ሶኬቱ ባለው ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይወድቃል። አምፖሉ የፈዘዘው ለዚህ ነው። አምፖሉ ፈዞ ይቀጥላል። ኮምፒውተርህ ግን መፍዘዝ አይችልም፣ ወይ በትክክል ይሠራል ወይ ይቆማል።

ምጣዱ ደግሞ አንዴ በርቶ ዝም የሚል ዕቃ አይደለም። ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል። እናትህም እያበራች እያጠፋች ነው የምትጋግረው። ስለዚህ ቮልቴጁ ከሰዓት ሙሉ ሲወድቅና ሲነሳ ይውላል። በየመሃሉ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይቀየራል፣ ከባትሪ ይመለሳል። አንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጌም ላይ ስለሆንክ ማሽኑ ትልቁን ጭነት ተሸክሟል። ዴስክቶፕ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የማይጠፋው፣ ጌም ላይ የሚጠፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ጭነቱን አብረን እናስላው። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰርህ በፋብሪካ ቅንብሩ ወደ 76 ዋት ይደርሳል። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን ሲጨመር ማሽኑ ወደ 300 ዋት ይጠጋል። ፖወር ሰፕላዩ ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ስላለ ከሶኬቱ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል። ሞኒተሩን ጨምርበት፣ ወደ 370 ዋት እንመጣለን። አሁን ዩፒኤስህን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም። የዚህ መጠን ዩፒኤሶች ብዙውን ጊዜ የሚሸከሙት ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። አፋፉ ላይ ነህ ማለት ነው። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ደግሞ አልፈኸዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ አትናደድ፣ ተመልከት። ሞኒተሩ አብሮ ጠፋ ወይስ በርቶ «ሲግናል የለም» አለ? ዩፒኤሱ ጮኸ? መብራቱ ቀለም ቀየረ? ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማህ? ሞኒተሩም ኮምፒውተሩም አብረው ከጠፉ ዩፒኤሱ ራሱ ጥሏቸዋል። ሞኒተሩ በርቶ ኮምፒውተሩ ብቻ ከጠፋ፣ በተለይ ከቀጭታው ጋር እኩል ከሆነ፣ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ሲዞር የተፈጠረችውን ቅጽበት ፖወር ሰፕላይህ መሻገር አልቻለም ማለት ነው።

ይህችን ቅጽበት ትንሽ ላብራራት፣ ምክንያቱም የኔ ጥርጣሬ በአብዛኛው ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ፖወር ሰፕላይ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር አለ። ከውጭ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ ማሽኑ የሚኖረው በዚያ ክምችት ነው። ጥሩ የሚባል ፖወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል። ሂሳቡ ይበቃል። ከኬዝ ጋር የሚመጡት ርካሾቹ ግን ብዙውን ጊዜ ካፓሲተራቸው ትንሽ ነው፣ የሚቆዩትም ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ክምችቱ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። ከ220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የድሮው ዓይነት ፖወር ሰፕላይ ያጠራቀመው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድላል። ምጣዱ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ክምችቱ ይመናመናል፣ ዩፒኤሱ ይዞራል፣ ማሽኑ ድርግም ይላል። ታሪኩ ከቅዳሜህ ጋር ልክክ ይላል።

አሁን አንድ ሥራ አለህ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀለውና የፖወር ሰፕላዩን ጀርባ እይ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው? ካለው የድሮው ዓይነት ነው። የቮልቴጅ መውረድን ብዙ አይችልም። ማንሸራተቻውን ደግሞ እንዳትነካው አደራ። 115 ላይ አድርገህ 220 ከሰካህበት ይፈነዳል። ማንሸራተቻ ከሌለውና ከ100 እስከ 240 ቮልት ብሎ ከጻፈ የተሻለ ዓይነት ነው። ያኔ ጥርጣሬዬን ከፖወር ሰፕላዩ ላነሳና ወደ ዩፒኤሱ አዞራለሁ።

ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥም አንብብ። «700 ዋት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ ተወው። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር ተጽፏል? ያንን በ12 አባዛው። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። 25 አምፔር ካለ 300 ዋት ነው፣ 700 የሚለው ለማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ለአርቲኤክስ 3060 ኤንቪዲያ የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፖወር ሰፕላይ ነው፣ የምር 550 የሆነ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፖወር ሰፕላዩን ለማየት ብለህ አትክፈተው። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ሙከራው ቀላል ነው። እናትህን አማክራት። አንድ ቀን ምጣዱ ጠፍቶ እያለ ያንኑ ጌም ረዘም አድርገህ ተጫወት። ሌላ ቀን ስትጋግር ያንኑ ጌም፣ በዚያው ግራፊክስ ቅንብር ተጫወት። ከዚያ ዩፒኤሱን ከመሃል አውጥተህ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክተህ ድገመው። ይህን መብራቱ በረጋ ሰዓት አድርገው፣ ለሙከራ ያህል ብቻ ነው። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምጣዱ በርቶ እንደሆነ፣ ሞኒተሩ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው መንገድ እንደጠፋ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይር። ሁለት ነገር ቀይረህ ቢስተካከል የትኛው እንዳስተካከለው አታውቅም።

ከጌሙ በላይ ያሳሰበኝን ነገርም ልንገርህ። አምፖል ጥቂት ፈዘዝ ማለቱ ብዙ ቤት ያለ ነው። በጣም የሚፈዝ ከሆነ፣ ወይም ጎረቤት ደህና ሆኖ የእናንተ ቤት ብቻ ከፈዘዘ ግን የሆነ ቦታ የላላ ሽቦ ሊኖር ይችላል። የላላ ሽቦ በ16 አምፔር ይግላል። እሳት ይነሳል። የምጣዱን ሶኬት ዙሪያውን እዩት። ቡናማ የሆነ፣ የቀለጠ፣ የሚሸት ነገር ካለ ዛሬውኑ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም፣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ምጣዱ በርቶም ጠፍቶም ቮልቴጁን ይለካልህ። ምጣዱ ሲበራ ከ200 ቮልት በታች ከወረደ ጥርጣሬያችን መሠረት አለው። አንተ ራስህ ሶኬት ውስጥ መለኪያ አትክተት።

ሁለተኛው ችግር ጌሙ ብቻውን የሚዘጋው ነው። እዚህ ላይ የጠረጠርኩት ለፋሲካ የጨመርከውን ራም ነው። ወደ ዴስክቶፕ መመለሱ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም፣ ግን አስታውስ። የተለያየ ብራንድ ያላቸው ራሞች አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሠራሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ራሙን የሚያፈጥነው «ኤክስኤምፒ» ወይም «ዲኦሲፒ» የሚለው በርቶ ሁለቱንም በአንድ ፍጥነት ሲያስሮጣቸው ግን አንደኛው ሊያቅተው ይችላል። ራም ሲሳሳት ደግሞ ሰዓትና ቦታ አይመርጥም። አንዴ ጌሙ ይዘጋል፣ አንዴ ብሮውዘሩ ይዘጋል፣ አንዴ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። የስህተቱ ጽሑፍም በየጊዜው ይለያያል። እንዲህ የተዘበራረቀ ነገር ስታይ መጀመሪያ ራሙን ጠርጥር።

ባዮስ ግባና ኤክስኤምፒውን አጥፋው። ራሙ ዝግ ይላል፣ ጌሙም ጥቂት ፍሬም ያጣል፣ ግድ የለም። ጥቂት ቀን ተጫወትበት። መዘጋቱ ከቆመ አገኘኸው። ካልቆመ «ሜምቴስት86» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንና ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሳ። ማታ ጀምረኸው ተኛ። ጠዋት አንድ እንኳ ስህተት ካሳየ ራሙ ወይም ቅንብሩ ችግር አለበት። «አንድ ብቻ ነው» ብለህ አትለፈው፣ ጤነኛ ራም ዜሮ ነው የሚያሳየው። ከዚያ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ብቻ ፈትን፣ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱም ለየብቻ ጤነኛ ሆነው አብረው ሲሆኑ ከተሳሳቱ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገህ መኖር ትችላለህ። ወይም አንዱን ሸጠህ ጥንድ ሆኖ የታሸገ ግዛ። አራት ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ከሆነ ሁለቱ ራሞች የሚገቡት በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ጎን ለጎን ሰክተሃቸው ከሆነ ይህን መጀመሪያ አስተካክል።

የሚዘጋው ሁልጊዜ አንድ ጌም ብቻ ከሆነ ግን ራሙን ከመንካትህ በፊት የጌሙን ፋይል አስፈትሽ። ስቲም ላይ ፋይሎቹን የሚያረጋግጥ አማራጭ አለ፣ የተበላሸውን ብቻ መልሶ ያወርዳል። ድራይቨሩንም «ዲዲዩ» በሚባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ሙልጭ አድርገህ አጥፍተህ ከኤንቪዲያ ገጽ አዲሱን ጫን። ዲዲዩን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ ነው የምታስኬደው። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም።

ሙቀትም አትርሳ። የምትኖርበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ነፋሻማ መሆናችን ያዘናጋናል እንጂ ለኮምፒውተር አዲስ አበባ ቀላል ቦታ አይደለችም። በበጋ አቧራው ይጨመርበታል። «ኤችደብሊውኢንፎ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ እየተጫወትክ ቁጥሩን እይ። የፕሮሰሰርህ ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው። እዚያ ደርሶ የሚቆይ ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ቀይር፣ ማቀዝቀዣውን አጽዳ። ካርዱ ከ80 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጥ። አቧራውን ስታራግፍ ፋኖቹን በጣትህ ያዝ፣ በነፋሱ ኃይል ከመጠን በላይ ተሽከርክረው እንዳይበላሹ። ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ጌሙን ያዘገየዋል። ሳያዘግም ድርግም የሚል ማሽን ላይ ሁለተኛ ተጠርጣሪዬ ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። «ማይኒንግ የሠራበት ነው» ያሉህ እውነት ሊሆን ይችላል። ካርዱ በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ በግራፊክስ ካርድ ኢተሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ማውጣት ጦፎ ነበር። ያ ሥራ ኢተሪየም አሠራሩን ሲለውጥ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ቆመ። ብዙ ካርድም ያኔ ወደ ዩዝድ ገበያ ጎረፈ። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም። በአብዛኛው የሚያልቀው ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያው ፔስትና ፓድ ነው። ሁለቱም ይቀየራሉ። የጥገና ቤቱ ሰው ሳይፈትን ይህን ማለቱ ነው ያናደደኝ። መፈተኛው አለ፣ ዋጋውም ነፃ ነው። ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ፈልግ፣ ጥሩ ፖወር ሰፕላይ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ካርድህን እሱ ጋ ሰክታችሁ አንድ ምሽት ተጫወቱ። የሱን ካርድ ደግሞ አንተ ጋ ሰካው፣ ፖወር ሰፕላይህ የሚችለው ከሆነ። ያንተ ካርድ እሱ ቤት ደህና ከዋለ፣ የሱ ካርድ ያንተ ቤት ከጠፋ ካርድህ ነፃ ወጣ። እሱ ቤትም ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ላይ ቀለም ከተበታተነ ግን ጥፋቱ የካርዱ ነው። ያኔ አዲስ ስለመግዛት እናወራለን።

ይህን ዓምድ የምታነቡ ሌሎች አንባቢዎች የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌም ሲከፈት «የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ» የሚል ስህተት እያሳየ የሚዘጋ ከሆነ ካርዱን አትውቀሱ። ኢንቴል ራሱ እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ በ2024 እ.ኤ.አ. አምኗል። ማስተካከያው ከኦገስት 2024 ወዲህ በወጡ ባዮሶች ውስጥ አለ። ባዮሱን አሻሽሉ፣ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትሞክሩት። በመሃል ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ጉዳት የደረሰበት ፕሮሰሰር ደግሞ በማሻሻያው አይድንም። ዋስትናው በሁለት ዓመት ስለተራዘመ ደረሰኙን ፈልጉ።

ወዳንተ ልመለስ። ያጠራቀምከው ገንዘብ እጅህ ላይ ይቆይ። ሙከራው እንደጠረጠርኩት ከወጣ የምትገዛው አንድ ነገር ነው፦ ባለ 550 ወይም 650 ዋት፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚሠራ፣ ስሙ የታወቀ ፖወር ሰፕላይ። ከጥሩ ካርድ ዋጋ በብዙ ያንሳል፣ ወደፊት ካርድ ብትቀይርም ያገለግልሃል። ያገለገለ ፖወር ሰፕላይ አትግዛ፣ ውስጡ ምን ያህል እንደደከመ ከውጭ አይታይም። አዲሱን ስትገዛ የድሮውን ገመድ ከአዲሱ ሳጥን ጋር አታቀላቅል። ሶኬቱ ቢገጥምም የውስጥ አሰላለፉ ሊለያይና ዕቃህን ሊያቃጥል ይችላል። ዩፒኤሱን ደግሞ ወይ ከፍ ባለ ቀይረው፣ ወይ አንተ በዚያው ላይ መቆየት ካለብህ ሞኒተሩን አውጣለት።

ሙከራውን ስትጨርስ ጻፍልኝ። የፖወር ሰፕላዩን ሠንጠረዥ ፎቶ፣ የደብተርህን ገጽ ፎቶ፣ የ«ባግቼክ ኮድ» ቁጥሩንና ኤክስኤምፒ ስታጠፋ ምን እንደሆነ ላክልኝ። ሰማያዊ ገጽ ከመጣ ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ያሉትን ፋይሎች ሳታጠፋ አብረህ ላካቸው።